ኦክ መስሎ የኖረ ጥድ፦ አንድ ሳምንት በኦስሎ

ከተመለስኩ ወር ሊሞላኝ ነው። ሰው ሁሉ ግን አሁንም የሚጠይቀኝ ያንኑ ነው፤ «ብርዱ እንዴት ነው?» የሄድኩት በነሐሴ ነው፤ ከኮተቤ ክረምት ይሻላል። ስለ ብርድ የማወራው የለኝም። የማወራው ስለ አንድ የቀይ ጡብ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ስሙን አልጠቅስም፤ ለምን እንደሆነ እያነበባችሁ ይገባችኋል።

ስለ ራሴ ትንሽ ልበል፤ አለዚያ ለምን ሳንቃ ሳንቃ እንደምል ግራ ይገባችኋል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፣ ነጥብ አልመጣልኝም። ኮተቤ አንድ የቤት ዕቃ ማምረቻ ውስጥ ቀለምና ቫርኒሽ ስቀባ ስድስት ዓመቴ ነው። ቺፑድ በሚባለው የፍቅፋቂ ሳንቃ ላይ የእንጨት ሥዕል ያለው ወረቀት እንለጥፍና «ዋንዛ ነው» ብለን የምንሸጥ እኛ ነን። ስለዚህ የተቀባ ነገር ሳይ ዓይኔ አያርፍም። እግሬም እንደዚያው ነው፤ እናቴ «ይቺ ልጅ ወንበር ላይ እሾህ አለባት» ትላለች። ኦስሎ የምትኖረው አክስቴ እታለም ልጇን ልትድር ስትጠራኝ፣ ቪዛው መጣ ከመባሉ ሻንጣዬን ዘግቼ ነበር።

ማክሰኞ

ከቦሌ የተነሳሁት የሙሽራዋን የሀበሻ ቀሚስ በእጄ ይዤ ነው። እታለም «ሻንጣ ውስጥ እንዳትከቺው፣ ይጨማደዳል» ብላኛለች። አውሮፕላን በምንቀይርበት ከተማ ስድስት ሰዓት ቀሚሱን እንደ ሕፃን ታቅፌ ተቀመጥኩ። ሽንት ቤት እንኳ ይዤው ገባሁ። አንዲት የጽዳት ሠራተኛ አይታኝ፣ በር ላይ ያለውን መስቀያ አሳየችኝና እስክወጣ ቆማ ጠበቀችልኝ። ቋንቋ አልተለዋወጥንም።

ኦስሎ አየር ማረፊያ እታለምና ልጇ ሊዲያ ጠበቁኝ። እታለም ሃያ ዓመት ሙሉ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት፣ እነሱ ሲከየም በሚሉት፣ ሠርታለች፤ እጇ ጠንካራ ነው፣ ስታቅፍ አጥንት ታስቆጥራለች። ሊዲያ እዚያው ተወልዳ ያደገች ነች። አማርኛዋ ጥሩ ነው፣ ግን «አዎ» የሚባል ቃል ከአፏ አይወጣም፤ ሁሉም ነገር «ያ» ነው።

ባቡሩ ውስጥ ማንም አያወራም። እኔ ከቦሌ ጀምሬ ያየሁትን ስተርክ እታለም ጉልበቴን ቆነጠጠችኝ።

«ምን አደረግኩ?»

«ቀስ በይ።»

«ቀስ ብዬ ነው የማወራው።»

«ያ፣ ለመርካቶ ቀስ ነው» አለች ሊዲያ።

ቤታቸው ቫይትቬት ነው፤ ፎቅ በፎቅ የሆነ ሰፈር፣ ከሥር ሱቆች፣ በመሃሉ ዛፍ። ደረጃው ላይ ጭቃ የለም፤ በር ላይ ግን ጫማ ይወለቃል። ቁርስ ላይ ቡናማ አይብ ሰጡኝ፣ በመላጫ እንደ እንጨት እየላጡ። ሳንቃ ሲላግ የሚወጣውን ፍቅፋቂ ነው የሚመስለው። ጣዕሙ የተቃጠለ ወተትና ስኳር ነው። ሁለተኛ ቀን ላይ ወደድኩት።

ረቡዕ

የእታለም ምእመናን የራሳቸው ሕንፃ የላቸውም። የፕሮቴስታንት ኢትዮጵያውያን ኅብረት ናቸው፤ እሁድ ከሰዓት፣ ኖርዌጂያኖቹ ከጨረሱ በኋላ፣ በዚያ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ያመልካሉ። ቁልፉ በእታለም እጅ ነው። የሊዲያ ሰርግም ቅዳሜ እዚያው ነው። ስለዚህ ረቡዕ ከሰዓት አበባው እንዴት እንደሚሆን ልንለካ ሄድን።

ግሮንላንድ ከሚባለው የኦስሎ ሰፈር በእግር ነው የሚደረሰው። ጤፍና በርበሬ የሚሸጥባቸው ሱቆች አልፈን፣ አቀበቷን ወጣ ስንል ማማው መጣ። ሕንፃው ከመቶ ዓመት በላይ ነው። ቀይ ጡብ ነው፣ ከታች እስከ ላይ ጡብ፤ ማማው ጫፍ ላይ ብቻ መዳቡ አረንጓዴ ሆኗል። እኛ ሰፈር ጡብ ካለ ይለሰናል፣ ከተለሰነ ይቀባል። እነዚህ ጡቡን ራሱን ጌጥ አድርገውታል፤ በመስኮቱ ዙሪያ አንዱን ወጣ፣ አንዱን ገባ እያደረጉ እንደ ጥልፍ ሠርተውታል። መስኮቶቹ ረጃጅም ናቸው፣ ጫፋቸው እንደ ተጋጠሙ ሁለት መዳፎች ሾሏል።

ከገባሁ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ዝም አልኩ። እታለም «አመመሽ እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ።

ጣሪያው የእንጨት ነው፣ ሰማያዊ ተቀብቶ የወርቅ ኮከቦች ተረጭተውበታል። ግራና ቀኝ ሰገነት አለ፣ ቀጫጭን የብረት ዓምዶች ተሸክመውታል። ምስባኩ ከሰው ቁመት በላይ ነው፣ ጠመዝማዛ ደረጃ አለው፤ ሰባኪው ወጥቶ ሲቆም ከየትም ይታያል፣ ማይክሮፎን ባልነበረበት ዘመን የተሠራ ነው። ኦርጋኑ ከበላያችን እንደ ብር ደን ቆሟል። የናስ መቅረዞቹ አሁን አምፑል ነው የያዙት፣ ሰም የሚንጠባጠብበት ሳህን ግን ሥራ ፈትቶ ከሥራቸው አለ። ኮተቤ ያለው የኛ የጸሎት አዳራሽ ቆርቆሮ ነው። ዝናብ ሲመጣ ፓስተሩ ስብከቱን ያቆምና እንዘምራለን፣ ሌላ ምርጫ የለም። ፕላስቲክ ወንበሮቻችንን ደርድረን እንገባለን፣ ቆልለን እንወጣለን። እዚህ ግን መቀመጫው ከነቁጥሩ ቦታውን ይዞ ሰውን ይጠብቃል። አግዳሚዎቹ ሥር ደግሞ ማሞቂያ ቱቦ ተዘርግቷል፤ እግር እየሞቀው የእግዚአብሔርን ቃል መስማት ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ አስቡት።

አግዳሚዎቹን ሳይ ነው ልቤ የሄደው። እያንዳንዱ ጫፍ ላይ ሰፊ ሳንቃ ቆሟል፣ አናቱ ላይ ባለ ሦስት ቅጠል ቅርጽ ተፈልፍሎበት። ቀለሙ ጥቁር ቡናማ፣ የእንጨቱ ጅማት ጥርት ያለ። ኦክ የሚሉት ውድ እንጨት ነው፣ የኛን ዋንዛ በሉት። በጣቴ አንኳኳሁት። ድምፁ ቀለለብኝ። ተንበርክኬ ከሥር አየሁት፤ ሳንቃው የፈረንጅ ጥድ ነው። ጅማቱ ሁሉ በእጅ የተሣለ ነው። ደግሞ የትኛውም ሳንቃ ከሌላው ጋር አንድ አይደለም።

«እታለም፣ እነዚህ ሰዎች አጭበርባሪዎች ናቸው» አልኳት።

«ዝም በይ፣ ቤተ ክርስቲያን ነው።»

«አድንቄያቸው ነው። እኛ ወረቀት ነው የምንለጥፈው፣ እነሱ አንድ በአንድ ሥለውታል።»

ሊዲያ ነጩን የአበባ ሪባን ለማየት አንድ ጫፍ ላይ እንድናስረው ፈለገች። ማሰሪያ አልነበረም። ቦርሳዬ ውስጥ ሻንጣዬን ካሸግኩበት የተረፈ ሰፊ የማሸጊያ ፕላስተር ነበር። እኔ ነኝ የለጠፍኩት። ዘጠነኛው አግዳሚ ላይ፣ በግራ በኩል። ሊዲያ ራቅ ብላ አየችው፣ ወደደችው፣ ፎቶ አንስታ የሰርግ ጫማዋን ከሱቅ ልታመጣ ሮጠች።

ከዚያ ፕላስተሩን ሳብኩት። የሳብኩትም እኔ ነኝ።

ቀለሙ አብሮት መጣ። የመዳፌ ያህል፣ ከነጅማቱ፣ እንደ ተላጠ ቆዳ። ከሥሩ ነጭ ጥድ ብቅ አለ። ስድስት ዓመት ቀለም የቀባሁ ሰው አሮጌ ቀለም ላይ ፕላስተር እንደማይለጠፍ የማላውቅ ይመስል።

እታለም አግዳሚው ላይ ቁጭ አለች።  በኋላ እንዲህ አለችኝ፤ «ከሊንደበርግ ሰፈር ምድር ቤት ወጣን፣ ጫጫታ ታበዛላችሁ ብለውን። ከትምህርት ቤቱ አዳራሽ ወጣን። ከዚያ ሌላ ቦታ። እዚህ ስንገባ ምንም ነገር አይነካም ተብሎ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ይኼን ካዩ ሰርጉም እሁዱም አለቀ።»

«እቀባዋለሁ።»

«ትችያለሽ?»

«ከሁለት እርምጃ ማንም አይለየውም።»

«ለሊዲያ እንዳትነግሪያት» አለች። «ለማንም።»

እኛ ጋ እንግዳ ሆኖ የሰበረ ሰው፣ ባለቤቱ ሳያይ አስጠግኖ ቦታው ይመልሳል። ጨዋነት ነው። እንደዚያ ነው ያሰብነው ሁለታችንም።

ሐሙስ

ጠዋት ግሮንላንድ ወርጄ የውሃ ቀለም፣ ሁለት ብሩሽና ትንሽ ቆርቆሮ ቫርኒሽ ገዛሁ። ጅማቱን የምጎትትበትን ማበጠሪያ የገዛሁት ከፀጉር ቤት ነው፤ ሀበሻ የሆነችው ሻጭ ጥርሱ ጥቅጥቅ ያለውን ስመርጥ «ለዚህ ፀጉርሽ አይሆንም» ብላ ተከራከረችኝ። ለእንጨት ነው አልኳት። ተወችኝ።

እታለም የከሰዓት ሥራዋ ከመግባቷ በፊት በሩን ከፈተችልኝና ጥላኝ ሄደች። መጀመሪያ ቢጫውን መደብ ቀባሁ። ሲደርቅ ቡናማውን አቅጥኜ ከላይ አለበስኩት፣ እርጥብ እንዳለ በማበጠሪያው ጎተትኩት፣ ከዚያ በጨርቅ ጫፍ እዚህም እዚያም ነካ ነካ። ሦስት ጊዜ አጥቤ ጀመርኩት። ድሮ ጅማቱን የሣለውን ሰውዬ እጅ መከተል ነበረብኝ፤ ወደ ቀኝ ሲጎትት ትንሽ ይንቀጠቀጣል፣ የእንጨቱ ቋጠሮ ጋ ሲደርስ ይዝናናል። ወደ ማብቂያው እጄ የሱን መንገድ ያዘ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ሥራ አልሠራሁም፣ ኮተቤም ማንም አልሠራም። ቫርኒሹን ለማግስቱ ተውኩት፣ መድረቅ አለበት።

ስመለስ ኩራቱ ናላዬን አዙሮት ነው መሰለኝ፣ ወደ ምሥራቅ የሚሄደው ሁሉ ቫይትቬት የሚደርስ መስሎኝ የተሳሳተ ባቡር ያዝኩ። ሊንደበርግ ላይ ወረድኩ። ጣቢያው ላይ አንድ ሽማግሌ በሁለት ከረጢት ሽንኩርት ተሸክመው ቆመው ያዩኛል።

«ጠፍተሻል፣ ጓለይ» አሉኝ በአማርኛ፣ ልጄ የምትለዋን ብቻ በትግርኛ። አቶ ተስፋይ ይባላሉ፣ ኤርትራዊ ናቸው፣ ወጣትነታቸውን አዲስ አበባ አሳልፈው፣ እዚህ በትምህርት ቤት ጽዳት ሠርተው ጡረታ የወጡ። ሽንኩርቱን እኔን አሸክመው፣ ባቡር እስከምቀይርበት ጣቢያ ድረስ አብረውኝ መጡ።

«እጅሽ ምን ሆኖ ነው? ቀለም ቀቢ ነሽ?»

ለማንም እንዳትነግሪ የተባልኩትን ለመጀመሪያው የጠየቀኝ ሰው ዘርግፌ ነገርኩ። እንደዚህ ነኝ።

አቶ ተስፋይ ሰምተው ሲጨርሱ ሳቁ። «እኔ አንድ ጊዜ የዳይሬክተሯን የሸክላ ማሰሮ ሰበርኩ። ቤቴ ወስጄ፣ በኮላ አጣብቄ፣ ማንም እንዳይለየው አድርጌ መለስኩት። ከሁለት ዓመት በኋላ አወቁ። ጠርተው የጠየቁኝ ስለ መስበሬ መሰለሽ? ስለ መስበሬ አንድ ቃል አልተናገሩም። ‹ለምን አልነገርከንም?› ብቻ። እንደ ሌባ ተቀመጥኩ።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ጓለይ? እኔ ኮላው ላይ ጎበዝ ነበርኩ እንጂ።»

ያን ምሽት እራት የቀረበልኝን ዓሣ በላሁ፣ ጣዕሙን ግን አላስታውሰውም።

ዓርብ

ዓርብ የሰርጉን አገባብ ልንለማመድ ሄድን፤ ሙሽራው ሥራ ላይ ስለሆነ እታለም፣ ሊዲያና እኔ ብቻ። ቫርኒሹ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ዕቅዱ እነሱ ሲለማመዱ እኔ ቶሎ ቀብቼ መጨረስ ነበር። ግን ሕንፃውን የሚጠብቀው ሰው ቀድሞን ደርሷል።

ኦይቪን ይባላል፣ ስልሳ ዓመት ይሆነዋል፣ ረጅም፣ ሹራቡ ክርኑ ላይ የተጣፈ። ከሩቅ አገር የመጣሁ የእንጨት ሠራተኛ መሆኔን ሊዲያ ስትነግረው ፊቱ በራ። ልምምዱን ትቶ እኔን ያዞረኝ ጀመር፣ ሊዲያ እየተረጎመች። ኦርጋኑ ፊት ለፊት ካሉት ቱቦዎች ግማሾቹ ድምፅ የላቸውም፣ ለውበት የቆሙ ናቸው። የመጠመቂያው ድንጋይ ከነናስ ሳህኑ ዕድሜው ከሕንፃው ጋር እኩል ነው። ከዚያ መሠዊያው ዘንድ ወሰደን። ቅዱስ ቁርባን የሚቀበሉ ሰዎች የሚንበረከኩበት የእንጨት አጥር ግማሽ ክብ ነው፤ ትራሶቹን የሰፈሩ ሴቶች የጠለፏቸው ናቸው፣ ሁሉም የተለያየ አበባ።

«ለምን ግማሽ ሆነ?» አልኩት።

ሊዲያ ጠየቀችልኝ። «ሌላው ግማሽ የሞቱት ሰዎች ነው ይላል። እኛ በዚህ በኩል እንንበረከካለን፣ እነሱ በዚያ በኩል ክቡን ይሞሉታል፣ አይታዩም ብቻ። አባቴም እዚያ ነው ማለት ነው፣ ኢከ ሳንት?» አለች፣ አይደለም እንዴ ማለቷ ነው። አባቷ ከሞተ አራት ዓመቱ ነው። እታለም ፊቷን አዞረች።

ኦይቪን ግን ገና ያልጨረሰ ሰው ነው። ወደ አግዳሚዎቹ መጣ፣ ጉዱ መጣ። ስምንተኛውን አለፈና ዘጠነኛው ላይ፣ ልክ እዚያው፣ እጁን አሳረፈ።

ሊዲያ ተረጎመች፦ «ይኼ ሁሉ ጥድ ነው ይላል። ኦክ መግዛት አልቻሉም ነበር። አንድ ሰው ነው ሁሉንም የሣለው፣ ክረምቱን ሙሉ፣ ስሙ አይታወቅም። ከሱ በኋላ ማንም እጁን አላሳረፈበትም። ለዚህ ነው የሚወደው።»

እታለም አየችኝ። ዓይኗ «አፍሽን» ይላል። ሥራዬ ከሁለት እርምጃ አይታይም ብዬ ነበር፤ ሰውዬው እጁን ጭኖበት እንኳ አላየውም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን ያ ስሙ የማይታወቅ ሰው ክረምቱን ሙሉ የሠራውን እያሞገሰ፣ እጁ ያረፈው የኔ ሐሙስ ላይ ነው። አልቻልኩም።

«ሊዲያ፣ ተርጉሚልኝ። እዚህ ጋ ያለው የሱ አይደለም በይው። የኔ ነው። ረቡዕ በፕላስተር ገሽልጬው፣ ትናንት ቀባሁት።»

ሊዲያ አፏን ከፍታ እኔን አየች፣ ከዚያ እናቷን። እናቷ ወለሉን። ነገ ልታገባ ነው፣ ሁለት መቶ ሰው ተጠርቷል፣ ቃሉ ደግሞ በሷ አፍ ነው የሚያልፈው። 

«ያ?» አላት ኦይቪን።

ተረጎመች። ድምፅዋ ሳይንቀጠቀጥ፣ አንድም ሳትቀንስ፤ ረቡዕንም፣ ፕላስተሩንም፣ እንደ ነርስ ሪፖርት። ይቺን ልጅ ያን ቀን ነው ያወቅኳት።

ኦይቪን ተንበረከከ። መነጽሩን አውጥቶ አደረገ። ጣቱን አስጠጋና ሳይነካው መለሰው። ለረጅም ጊዜ ተመለከተው። ከዚያ ተነስቶ ስልኩን ይዞ ወደ ጓዳ ገባ፤ ለደብሩ ኮንቶር፣ ለጽሕፈት ቤቱ፣ ሊደውል።

«ደስ አለሽ?» አለችኝ እታለም። «እንግዳ አድርጌ አመጣሁሽ፣ የልጄን ሰርግ ሰበርሽ። ማን ጠየቀሽ? ሰውዬው አላየውም።»

«ማማ፣ ተያት» አለች ሊዲያ።

«አልተዋትም። አንቺም ጎበዝ ተርጓሚ ነሽ። ሌላ ነገር ብትይው ምን ነበረበት?»

«አስቤ ነበር» አለች ሊዲያ። «ከዚያ ነገ እዚህ ቆሜ ምን ብዬ ቃል እገባለሁ?»

አንድ ሰዓት ያህል ጠበቅን። እኔ እንኳ ከተቀመጥኩበት አልተነሳሁም።

ኦይቪን ሲመለስ ካሜራ፣ ንጹሕ ጨርቅና በጎድጓዳ ሳህን ውሃ ይዟል። ጽሕፈት ቤቱ ስለ አሮጌ ሕንፃ ከሚያውቅ ሰው ጋር ተነጋግሯል። የመጀመሪያ ጥያቄው ቫርኒሽ ተቀብቷል ወይ የሚል ነበር። አልተቀባም አልኩ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ያለው ቆርቆሮ እንደ ድንጋይ ከበደኝ። ሰርጉ ይሆናል አለ። ቁልፉም ከእታለም እጅ አይወጣም፤ ግን የሆነውን በወረቀት ጽፋ ትፈርማለች፣ ከእንግዲህ ፕላስተር እዚህ ቤት አይገባም። የኔ ሥራ ግን መነሳት አለበት። የተላጠው እንደ ተላጠ ይቆያል፣ ለዚያ የተማረ ሰው እስኪመጣ።

«ሥራሽ ጥሩ ነው ይላል» አለች ሊዲያ። «በጣም ጥሩ ነው። ጥሩ መሆኑ ነው ችግሩ፣ ከዛሬ ሃምሳ ዓመት በኋላ የሚመጣ ሰው የቱ የማን እንደሆነ አያውቅም።»

ፎቶ አነሳው። ከዚያ ጨርቁን ለራሱ አልያዘውም፣ ለኔ ዘረጋው።

ቫርኒሽ ያልለበሰ የውሃ ቀለም ነው፣ ይለቃል። ቋጠሮው መጀመሪያ ሄደ፣ ቀጥሎ ያ የሚንቀጠቀጠው መስመር። ጎድጓዳው ውስጥ ያለው ውሃ ሻይ መሰለ። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ሳላለቅስ አልቀረሁም፣ ስለ ሰርጉ አይደለም።

ጨርሼ ስነሳ ኦይቪን ምሳውን ከቦርሳው አወጣ፤ በወረቀት እየተለያየ የተጠቀለለ የደረቀ ዳቦ በቡናማ አይብ። ለአራት አካፈለው። እዚያው ዘጠነኛው አግዳሚ ላይ ተደርድረን በላን። እታለም ግን አላናገረችኝም፤ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትጽፍ ነበር፣ በኖርዌይኛ፣ ቀስ ብላ፣ እየሰረዘች።

ቅዳሜ

አበቦቹን በክር አሰርናቸው። ኦይቪን ራሱ ቋጠሮውን አሳየን።

ስለ ሰርጉ ብዙ አልልም፣ ሰርግ ታውቃላችሁ። ሊዲያ በኖርዌጂያኖቹ ነጭ ቀሚስ ገባች፣ ለግብዣው እኔ ይዤ የመጣሁትን የሀበሻ ቀሚስ ለበሰች፤ አልተጨማደደም። ኦርጋኑ ሲጀምር ድምፁ በአግዳሚው በኩል አጥንቴ ውስጥ ገባ፤ ከኛ ኪቦርድ ጋር አላወዳድረውም፣ ኪቦርዳችን ያሳዝነኛል። የኛ መዘምራን ሲቀጥሉ ደግሞ ሰማያዊው ጣሪያ እልልታውን ተቀብሎ መለሰው፣ የኖርዌይ እንግዶች ቀና ብለው እስኪያዩ። ሙሽሮቹ ለጸሎት በግማሹ ክብ ተንበረከኩ። ሊዲያ ባዶውን ግማሽ ስታይ አየኋት።

እኔና እታለም ዘጠነኛው ላይ ነበርን፣ እሷ የፊቱን ቦታ ትታ ጫፉ ላይ። ከጠዋት ጀምሮ ከ«ክሩን አቀብዪኝ» በቀር አላናገረችኝም። ከኋላችን የተቀመጡት እናት ከበርገን ከተማ የመጡ ናቸው፣ የሙሽራው ዘመድ። የተላጠውን ነጭ ቦታ አዩት። ጎንበስ ብለው ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱና ቀስ አድርገው በሳንቃው ላይ ጣል አደረጉት፣ ቁስሉን ሸፈኑት፣ ደግነታቸው ነው።

እታለም ዞር አለች። ነጠላውን አነሳች፣ አጠፈች፣ በሁለት እጇ መለሰችላቸው።

«ይተዉት፣ እናቴ» አለች። «እኛ ነን የላጥነው። ይታይ።»